ትሬይል ቦስ ከገበያ ሲጠፋ፦ ለቀላል ሙሌት በየትኛው ባሩድ ልተካው?

ባለቀለህ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥይት እቤት የምሞላው ለሁለት ጠመንጃዎች ነው፤ አንዱ በእጅ የሚቀባበል .308 ዊንቸስተር፣ ሌላው .30-30። ለኢላማ ልምምድ፣ በተለይ ለጀማሪ ተኳሽ፣ ትከሻ የማይመታ ቀላል ሙሌት ነው የምፈልገው። እስካሁን የምጠቀመው ትሬይል ቦስ ነበር። አሁን ጣሳው እያለቀ ነው፤ በየሻጩ ጠፍቷል፤ መቼ እንደሚገባም የሚያውቅ የለም።

በእጄ ያሉት ወይም ላገኛቸው የምችላቸው ባሩዶች ኤች 4895፣ አይኤምአር 4895፣ ኤች 110፣ አሊያንት ዩኒክ እና ኤች 4831 ናቸው። መለያ ወረቀቱ የተቀደደ ግማሽ ጣሳ ኤስአር 4759 ልስጥህ ያለኝ ሰውም አለ።

የመቃጠል ፍጥነት ሰንጠረዥ ላይ ለትሬይል ቦስ የሚቀርበውን መርጬ መጠኑን ትንሽ ዝቅ ባደርግ ያስኬዳል? ወይስ ኤች 4831 ቀርፋፋ ስለሆነ ከሙሉው ሙሌት ግማሹን ብጨምር ይሻላል? ቀርፋፋው የበለጠ ደህና ይመስለኛል። ሁለቱ 4895ዎችስ አንድ ናቸው? ቁጥር ያለው መልስ ብታገኙልኝ ደስ ይለኛል።

—

ሚዛን ጠባቂ፦

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ አደጋው ያለው እዚያ ነው። ኤች 4831ን በግማሽ አትቀንስ። ቀርፋፋ ባሩድ ሲቀነስ ደህና ይሆናል የሚለው ግምት ተገላቢጦሽ ነው። ቀርፋፋ ባሩድ በደንብ የሚቃጠለው ቀለሁን ሞልቶ፣ ከባድ አረር ከፊቱ ተደቅኖበት፣ ግፊቱ ከፍ ሲል ነው። በሰፊ ቀለህ ውስጥ ጥቂቱን ብቻ ብታስቀምጥ ግን እሳቱ በወጉ አይይዘውም። የፕራይመሩ (ቀለሁ ግርጌ ላይ ሆኖ ባሩዱን የሚለኩሰው ቆብ) ብልጭታ አረሩን ገፍቶ የጠመንጃው ቦይ አፍ ላይ ያደርሰዋል፣ አረሩ እዚያ ይቆማል፣ ባሩዱ ከኋላው መቃጠሉን ይቀጥላል፤ የተዘጋ ቱቦ ውስጥ እንዳለ ሆነህ አስበው። በዚህ ዓይነት ሙሌት የፈነዱ ጠመንጃዎች አሉ። አሠራሩ እንዲህ ነው ወይስ እንዲያ በሚለው ላይ ሙያተኞች ዛሬም ይከራከራሉ። ፋብሪካው ባወጣው የሙሌት መመሪያ ካለው መነሻ መጠን በታች በቀርፋፋ ባሩድ መውረድ ክልክል ነው በሚለው ላይ ግን ክርክር የለም።

ወደ ሰንጠረዡ ልምጣ። የመቃጠል ፍጥነት ሰንጠረዥ የሚነግርህ ተራውን ብቻ ነው፤ ማን ከማን እንደሚቀድም። በሁለት ጎረቤታም ስሞች መካከል ያለው ልዩነት የፀጉር ያህል ይሁን የክንድ ያህል ከተራው አታውቀውም። ደግሞም ትሬይል ቦስን ለዚህ ሥራ የለየው ፍጥነቱ ሳይሆን ግዝፈቱ ነው። ፍሬውን መዳፍህ ላይ አድርገህ እየው፤ መሃሉ የተበሳ ቀለበት ነው። ጥቂት ግሬን (የባሩድና የአረር ክብደት መለኪያ) ብዙ ቦታ ይይዛል። በፍጥነት የሚቀርቡት አብዛኞቹ ባሩዶች የሽጉጥ ባሩዶች ናቸው፤ ለዚያው ቦታ ሁለት እጥፍና ከዚያም በላይ ይመዝናሉ። መጠኑን ከስም ወደ ስም ካዛወርክ የማታውቀው ግፊት ውስጥ ገባህ ማለት ነው።

የባሩዱ ባለቤት ኩባንያ ሆጅደን ለትሬይል ቦስ የሰጠውን ዘዴ ታውቀዋለህ፦ አረሩ ሲተከል ግርጌው የሚደርስበትን መስመር ቀለሁ ላይ ምልክት አድርግ፣ እስከዚያ ባሩድ ሙላ፣ ሳትጠቀጥቅ መዝን። ያ ከፍተኛው ነው፤ የእሱ 70 በመቶ መነሻ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውል። መነሻው 70 በመቶ ከሆነ በስህተት ሁለት ጊዜ ብትጨምር 140 በመቶ ይሆናል፤ ባሩዱ ከቀለሁ አፍ ይፈስሳል። ስህተቱ ራሱን ያጋልጣል። ተተኪ ስትፈልግም የምትጠይቃቸው ሁለት ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ ይህን ባሩድ በዚህ ቀለህ በተቀነሰ መጠን የሞከረውና ቁጥሩን ያወጣው ፋብሪካ አለ ወይ? መጠኑስ ከቀለሁ ግማሽ በላይ ይይዛል ወይ?

ከዘረዘርካቸው መካከል ሁለቱንም የሚያሟላው ኤች 4895 ነው። ሆጅደን ራሱ የሚሰጠው ደንብ አጭር ነው፦ ለዚያው ቀለህና ለዚያው አረር ክብደት በመመሪያው የወጣውን የኤች 4895 ከፍተኛ መጠን ውሰድ፣ በ0.6 አባዛ፤ ያ ዝቅተኛው ነው። ስሌቱን ለማሳየት ያህል ብቻ፣ ከፍተኛው 40 ግሬን ቢሆን ዝቅተኛው 24 ይሆናል። ከዚህ በታች አይወረድም። ደንቡ የሚሠራው ኤች 4895 በመመሪያው ለተዘረዘረለት ቀለህ ብቻ ነው፤ ካልተዘረዘረ ደንቡም የለም። ፍጥነቱ እንደ አረሩ ክብደት ከ1,500 እስከ 2,100 ጫማ በሰከንድ፣ በሜትር ከ457 እስከ 640 ገደማ ይሆናል። ለጀማሪ ትከሻ ከዚህ የተሻለ የለም።

ድርብ ሙሌቱንም፣ ማለትም በስህተት ሁለት ጊዜ መጨመሩን፣ አስላው። 60 በመቶ ሲደረብ 120 በመቶ ነው። በ.308 ውስጥ የኤች 4895 ከፍተኛ መጠን ራሱ ቀለሁን ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው የሚቆም ስለሆነ ድርቡ አንገቱ ድረስ ይወጣል፣ አረር ልትተክል ስትል አልገባም ይልሃል። እንደ ትሬይል ቦስ ፈስሶ ባይታይም በዓይን አያመልጥም።

ሁለቱ 4895ዎች አንድ አይደሉም። ቁጥሩ ከአንድ ታሪክ የመጣ ነው፣ አሠራራቸው ግን የየራሳቸው ነው። የ60 በመቶው ደንብ የተሰጠው ለኤች 4895 ብቻ ስለሆነ ወደ አይኤምአር 4895 አታሻግረው፤ ለእሱ የራሱን መነሻ መጠን ተጠቀም። በአንጻሩ ስማቸው የተለያየ ሆኖ አንድ የሆኑም አሉ። የአውስትራሊያው ኤዲአይ ኤኤር 2206ኤች ብሎ የሚሸጠው ኤች 4895ን ነው። ኤች 110 እና ዊንቸስተር 296ም አንድ ባሩድ ናቸው። በእጥረት ጊዜ ይህን ማወቅ ጣሳ ያስገኛል። ግን ፋብሪካው አንድ ናቸው ሲል እንጂ ቁጥሩ ስለተመሳሰለ አይደለም፤ ኤች 4831 እና አይኤምአር 4831፣ ኤች 4350 እና አይኤምአር 4350 ቁጥራቸው አንድ ነው፣ ባሩዳቸው የተለያየ ነው።

ኤች 110ን ለዚህ ሥራ እርሳው። የሆጅደን ማስጠንቀቂያ ከተጻፈው ከፍተኛ መጠን ከ3 በመቶ በላይ አትቀንሱ ይላል። ከፍተኛው 17 ግሬን ቢሆን ከ16.5 በታች የለህም ማለት ነው። ከዚያ በታች ማቀጣጠሉ ይዋልላል፤ አረሩ ቱቦው ውስጥ ይቀራል፣ ተኳሹ ሳያውቅ ቀጣዩን ያጎርሳል። የቀረውን አልነግርህም።

—

እርሳስ አቅላጭ፦

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ስለ ዩኒክ ልጨምር፤ እሱም በቦታው ጥሩ ባሩድ ነውና።

ዩኒክ፣ አሊያንት 2400 እና አኪዩሬት 5744 ለቀላል የጠመንጃ ሙሌት ብዙ የተመረመሩ ናቸው። የዩኒክና የ2400 ቁጥሮች በብዛት የወጡት ግን ለእርሳስ አረር ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እርሳስ ለስላሳ ነው፣ በቦዩ ውስጥ በትንሽ ግፊት ይንሸራተታል። የመዳብ ልብስ ያለው አረር ግን ጥርሱን ነክሶ ነው የሚያልፈው። ለእርሳስ የተጻፈውን ዝቅተኛ መጠን ከመዳብ ልብስ አረር ኋላ ብትጨምረው ቱቦው ውስጥ ሊቆም ይችላል። እንደ ልማድ፣ የመዳብ ልብስ ላለው አረር ከ1,100 ጫማ በሰከንድ፣ ማለትም ከ335 ሜትር ገደማ በታች የሚያወርድ ሙሌት ፋብሪካ ካላወጣው አይሞከርም። ድምፁ ዝም እንዲል ከድምፅ ፍጥነት በታች እሄዳለሁ የሚል ሰው በቀጥታ የሚገባው እዚህ ወጥመድ ውስጥ ነው።

5744 ከሁለቱ በላይ ለዚህ ሥራ የታሰበ ነው ብዬ አምናለሁ። ድርብ ቅመም ስላለው፣ ማለትም ናይትሮሴሉሎስም ናይትሮግሊሰሪንም ስላለበት፣ ቀለሁ ባዶ ቢመስልም በቀላሉ ይቀጣጠላል። ለ.308ም ለ.30-30ም የተቀነሰ መጠን ወጥቶለታል። ከተኮስክ በኋላ ቱቦው ውስጥ ያልተቃጠሉ ፍሬዎች ታገኛለህ፤ ጠባዩ ነው፣ አትደንግጥ። ግን ቀጣዩን ጥይት ስታጎርስ መጉረሻው (ጥይቱ የሚቀመጥበት የቱቦው የኋላ ክፍል) ውስጥ ወድቀው መዝጊያውን እንዳያስቸግሩ ቱቦውን በየጊዜው ጥረገው። የ60 በመቶውን ደንብ ለ5744 አትጠቀም፤ እሱ የራሱ ሰንጠረዥ አለው።

የዩኒክ ችግር ድርብ ሙሌት ነው። የ.308 ቀለህ እስከ አፉ ወደ 56 ግሬን ውሃ ይይዛል፣ ወደ 3.6 ሚሊሊትር መሆኑ ነው። አሥራ ጥቂት ግሬን ዩኒክ ሁለት ጊዜ ቢገባ ከ3 ሚሊሊትር ያነሰ ቦታ ይበቃዋል። አይፈስስም። አረሩም ምንም ሳይከለክለው ቁጭ ይላል። ታይትግሩፕ የሚባለው ባሩድ ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ከዩኒክ ይበልጥ እፍግ ያለ ስለሆነ 10 ግሬኑ አንድ ሚሊሊትር እንኳ አይሞላም፣ በዚያ ቀለህ ውስጥ ሦስት ጊዜ ገብቶ ቦታ ይተርፈዋል። ፋብሪካው በሰፊ ቀለህ ውስጥ ባሩዱ የትም ቢተኛ ፍጥነቱ አይለዋወጥም ብሎ ያመሰግነዋል፣ ለሽጉጥ ቀለሆች ማለቱ ነው። ያ መልካም ጠባይ ግን ከድርብ ሙሌት አያድንም።

ስለዚህ ፈጣን ባሩድ ከመረጥክ ሥራው እንዲህ ይሁን። ቀለሆቹን ሁሉ አፋቸውን ወደ ታች ዘቅዝቀህ መደርደሪያው ላይ አቁም። አንዱን አንሳ፣ ቀና አድርግ፣ የተመዘነውን ባሩድ ጨምር፣ ወደ ሌላው መደርደሪያ አሻግር። በዚህ መንገድ ባሩድ የሌለው ቀለህ ሁልጊዜ የተዘቀዘቀ ነው፤ ቀና ያለ ሁሉ የተሞላ ነው። መደርደሪያው ሲሞላ አረር ከመትከልህ በፊት ባትሪ አብርተህ ከላይ ወደ ታች ተመልከት። የባሩዱ ገጽ በሁሉም ውስጥ እኩል ጥልቀት ላይ መታየት አለበት። አንዱ ጥቁር ጉድጓድ፣ ሌላው ከፍ ያለ ሆኖ ከታየህ ሁሉንም ገልብጠህ ከመጀመሪያው ጀምር። አንዱን ብቻ አስተካክዬ ልለፍ አትበል።

የተጠናቀቀውን ጥይት መዝኜ ድርቡን እለያለሁ የሚሉ አሉ። ከተለያየ ፋብሪካ የመጣ የ.308 ቀለህ ክብደቱ ብቻውን ከ10 ግሬን በላይ ሊለያይ ይችላል፤ ያ ደግሞ የሙሌቱን ያህል ነው። ሚዛኑ የሚነግርህ የናሱን ነው፣ የባሩዱን አይደለም።

እግረ መንገዴን፣ መካከለኛ ፍጥነት ያለው ሁሉ ይቀነሳል የሚል ወሬ ከሰማህ ብሉ ዶትን አስታውስ። አሊያንት በ2008 በ.41 ማግነም በጭራሽ እንዳይገባ፣ በ.357 ማግነምም በ125 ግሬን አረር እንዳይጠቀሙበት አስጠንቅቋል። ለዓመታት በየመመሪያው የነበረ ባሩድ ነው። አዲሱን መመሪያ ማየት ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

—

ባለቀለህ፦

እጅግ አመሰግናለሁ፤ ኤች 4831ን እና ኤች 110ን ከሐሳቤ አውጥቻለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር። በትሬይል ቦስ ሙሌት የተተኮሱ የ.308 ቀለሆቼ አንገታቸው በጥቀርሻ ይጠቁራል፤ ፕራይመሩም ከግርጌው ትንሽ ወጣ ብሎ ይታያል። ግፊቱ በዝቶ ይሆን? ደግሞ ባሩዱ ከፕራይመሩ አጠገብ እንዲቆይ ባዶውን ቦታ በጥጥ ነገር ወይም በእህል ዱቄት መሙላት ይመከራል ወይ?

—

ቀለህ ለኪ፦

ሁለቱም ምልክቶች ግፊቱ አነሰ የሚሉ ናቸው፣ በዛ የሚሉ አይደሉም።

ሙሉ ሙሌት ሲተኮስ የሚሆነውን በዓይነ ሕሊናህ ቀስ አድርገህ ተከተል። መርፌው ፕራይመሩን ሲመታ ቀለሁ ወደ ፊት ይገፋል። ፕራይመሩ ሲፈነዳ ወደ ኋላ ይወጣል። ቀጥሎ የባሩዱ ግፊት የቀለሁን ግድግዳ ከመጉረሻው ጋር ያጣብቀዋል፣ ግርጌውን ወደ ኋላ ይስበዋል፣ ግርጌው ከመዝጊያው ሲገናኝ የወጣውን ፕራይመር መልሶ ቦታው ያስገባዋል። በቀላል ሙሌት ይህ የመጨረሻው እርምጃ አይፈጸምም። ፕራይመሩ እንደወጣ ይቀራል። አንገቱም ተነፍቶ መጉረሻውን ስላልዘጋ ጭስ ወደ ኋላ ያልፋል፤ ጥቀርሻው እሱ ነው። በጨርቅ ይጠረጋል፣ ብቻውን ጉዳት የለውም።

ጉዳት ያለው ሦስተኛው፣ አንተ ያላየኸው ነው። .308 ከንፈር (ከግርጌው ዙሪያ ወጣ ያለ ጠርዝ) የሌለው ቀለህ ነው፤ መጉረሻው ውስጥ የሚቆመው በትከሻው፣ ማለትም ከአንገቱ ሥር በሚሰፋው ቦታ፣ ተደግፎ ነው። በቀላል ሙሌት በተተኮሰ ቁጥር መርፌውና ፕራይመሩ ቀለሁን ወደ ፊት እየገፉ ትከሻውን በጥቂቱ ይጨፈልቁታል። ግፊቱ ትንሽ ስለሆነ መልሶ አይነፋውም። ደጋግመህ በተኮስክ ቁጥር ከትከሻ እስከ ግርጌ ያለው ርዝመት እያጠረ ይሄዳል። አንድ ቀን ይኸው ቀለህ ሙሉ ሙሌት ይገባበትና ከግርጌው በላይ ባለው ቦታ ይለጠጣል፣ አንዳንዴም ይበጠሳል። ትኩስ ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት የሚመጣው ያን ጊዜ ነው።

መከላከያው ቀላል ነው። የቀላል ሙሌት ቀለሆችን ለይተህ አስቀምጥ፣ ግርጌያቸው ላይ በማይለቅ ቀለም ምልክት አድርግ፣ ወደ ሙሉ ሙሌት ጭራሽ አትመልሳቸው። ርዝመቱን በትከሻ መለኪያ ከመጀመሪያው ጋር አስተያይ። መለኪያ ከሌለህ ፕራይመሩ ከግርጌው የሚወጣበትን ልክ በካሊፐር (በጥቃቅን ርዝመት መለኪያ) ተከታተል፤ በየተኩሱ እየጨመረ ከመጣ ቀለሁን ጣለው። ፕራይመሩ እንዳይወጣ የብልጭታ ቀዳዳውን በመሰርሰሪያ ማስፋት የሚሉትን ምክር አልደግፍም። ለቀላሉ ሙሌት ይሠራል፣ ግን እንዲህ የተበሳ ቀለህ በስህተት ሙሉ ሙሌት ከገባበት የፕራይመር ግፊቱ ከልክ ያልፋል። የ.30-30 ቀለህህ ግን ከንፈር አለው፣ በከንፈሩ ተደግፎ ነው የሚቆመው፤ ይህ የትከሻ ጣጣ አያገኘውም። ቀላል ሙሌትን በእሱ ብትጀምር ይመረጣል።

ጥጥና የእህል ዱቄት፦ አይሆንም፤ መመሪያው ለዚያው ሙሌት በስም ካልጠራው በቀር። መሙያው በቀለሁ ውስጥ ወደ ፊት ተሸጋግሮ ከአረሩ ግርጌ ጋር ሲጋጭ ግፊቱን አንድ ቦታ ላይ ይከምረዋል። የዚህ ውጤት መጉረሻው ውስጥ አንገቱ አካባቢ የሚቀር ቀለበት መሰል እብጠት ነው፤ የተተኮሰው ቀለህ አልወጣ ሲል ይታወቅሃል። ያ ቱቦ ከዚያ በኋላ አይድንም። መሙያ የግድ የሚፈልግ ባሩድ ከሆነ ምርጫው ራሱ ተሳስቷል ማለት ነው።

ባሩዱ በቦታው መለዋወጥ ምን ያህል እንደሚነካው በኢላማ ሜዳ ማወቅ ትችላለህ። አምስት ጥይት አፈሙዙን ከፍ አድርገህ፣ ቀስ ብለህ ወደ ኢላማው አውርደህ ተኩስ፤ ባሩዱ ወደ ፕራይመሩ ይተኛል። ሌላ አምስት አፈሙዙን ዝቅ አድርገህ፣ ቀስ ብለህ አንስተህ ተኩስ፤ ባሩዱ ወደ አረሩ ይሄዳል። አፈሙዙ በማንኛውም ጊዜ አፈር ከተከመረበት አቅጣጫ አይውጣ። በፍጥነት መለኪያ ሁለቱን አስተያይ። ኤች 4895 በ60 በመቶም ቢሆን የቀለሁን ወገብ ስለሚያልፍ ልዩነቱ ጠባብ ይሆናል። ሰፊ ከሆነ ወይም አንዱ ተኩስ ዘግይቶ ከፈነዳ ያን ሙሌት ተወው።

—

ሚዛን ጠባቂ፦

ስለ ኤስአር 4759 ጣሳው ሳልናገር አልለፍ። ባሩዱ በዘመኑ ለእርሳስ አረር ቀላል ሙሌት ምርጥ ነበር፤ ገዘፍ ያለ ስለነበር። አሁን ፋብሪካው አይሠራውም። መለያው ሙሉ ሆኖ፣ ጣሳው የራሱ ሆኖ፣ በዘመኑ የወጣ መመሪያ ቢኖርህ ኖሮ ውሰደው እልህ ነበር። መለያው የተቀደደ ከሆነ ግን ባሩድ አይደለም፣ ጥያቄ ነው። በዓይን አይተህ ልትለየው አትችልም፤ ጥቁር ቱቦ ፍሬ ያላቸው ባሩዶች ስንትና ስንት ናቸው። ሰጪውን አመስግነህ ተወው።

የራስህን ጣሳዎችም አሽትታቸው። ጤነኛ ባሩድ ሲከፈት ለስለስ ያለ የአልኮል ወይም የኤተር ጠረን አለው። አፍንጫ የሚቆነጥጥ ኮምጣጣ ሽታ፣ ዝገት የመሰለ ቀይ ብናኝ፣ ወይም ጣሳው ውስጥ ቡናማ ጭስ ካለ መበስበስ ጀምሯል። በጥሩው ላይ ደባልቀህ ለማዳረስ አትሞክር። በእጥረት ጊዜ የሁለት ጣሳ ቀሪ ወደ አንድ መገልበጥ ያጓጓል፤ ስማቸው የተለያየ ከሆነ ፈጽሞ፣ ስማቸው አንድ ቢሆንም ፋብሪካው የየጣሳውን ምርት የሚያስተካክለው በራሱ መለኪያ ስለሆነ እየለየህ ጨርሳቸው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ጣሳ ብቻ ይኑር። መስፈሪያውን ስትጨርስ ገልብጠህ ወደ ጣሳው መልስ፤ ነገ የምታየው ባሩድ የትኛው እንደሆነ አታስታውስም።

አሁን ሥራውን። ለ.308 በኤች 4895 ስትጀምር መመሪያው ካለው ከአረርህ ክብደት ጋር የሚገጥመውን መስመር ፈልግ፤ 150 ግሬን ከሆነ የ150ውን እንጂ የ168ቱን አይደለም። በ0.6 ስታባዛ ከነጥብ በኋላ የሚተርፈውን ወደ ላይ አጠጋጋው፤ ወደ ታች አይደለም። 26.46 ቢወጣ 26.5 ነው። ሚዛንህን በማረጋገጫ ክብደት ፈትሽ፤ የ0.1 ግሬን ልዩነት ማሳየት አለበት። ኤች 4895 ፍሬው አጠር ያለ ቱቦ ስለሆነ መስፈሪያ ውስጥ ሲቆረጥ እየጎረበጠ ይወርዳል። ትንሽ ዝቅ አድርገህ ስፈርና የቀረውን በሚዛኑ ላይ ጥቂት ጥቂት እያንጠባጠብክ ሙላው። ፕራይመሩ መመሪያው የጠቀሰው ዓይነት ይሁን፤ ማግነም (ብልጭታው የበረታ) ፕራይመር ለቀላል ሙሌት ይሻላል የሚለውን ያለ መመሪያ አትቀበል። መጀመሪያ አምስት ብቻ ሙላ። ከዚያ በግማሽ ግሬን እየጨመርክ ወጥነት ያለው ፍጥነት የሚሰጥህን ፈልግ። ከፍ ማለት ትችላለህ፣ እስከ ተጻፈው ከፍተኛ ድረስ መንገዱ ክፍት ነው። ከ60 በታች ግን መንገድ የለም።

ስትተኩስ ጆሮህን አቁም። ድምፁ ከሌሎቹ የደከመ ከመሰለህ ቀጣዩን አታጉርስ። አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳደረግክ 30 ሰከንድ ቆይ፤ ዘግይቶ የሚፈነዳ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ቀለሁን አውጣ፣ መዝጊያውን ንቀል፣ ከመጉረሻው በኩል ብርሃን ይታይ እንደሆነ እይ። ካልታየ አረሩ ውስጥ ነው። ሌላ ጥይት ተኩሼ ላስወጣው ማለት ጠመንጃውን መስበር ነው። ወደ ጠመንጃ ጠጋኝ ውሰደው።

ኢላማው ላይ ያለውን ቀዳዳም ተመልከት። ክብ ሳይሆን ሞላላ ከሆነ አረሩ እየተገለባበጠ ነው። ቀላል ሙሌት ረጅምና ከባድ አረርን በበቂ አያሽከረክረውም፣ በተለይ በ12 ኢንች አንድ ዙር በሚዞር ቦይ። አጠር ያለ አረር ምረጥ። የዕይታ መስመሩም ስለሚለወጥ ጠመንጃውን ለዚህ ሙሌት በ50 ሜትር እንደገና አስተካክለው። ሌላው፣ ጋዝ ተጠቅሞ ራሱ በሚያቀባብል ጠመንጃ ይህ ሙሌት መዝጊያውን ወደ ኋላ አይመልሰውም፤ ያንተ በእጅ ስለሚቀባበል ይህ አያሳስብህም።

—

እርሳስ አቅላጭ፦

አንድ የቀረ፣ ለ.30-30ው። ጠመንጃህ ከቱቦው ሥር በረድፍ የሚጎርስ ረጅም መጋዘን ካለው አረሩ አፍንጫው ጠፍጣፋ ይሁን። በዚያ መጋዘን ውስጥ የአንዱ ጥይት አፍንጫ የሌላው ፕራይመር ላይ ተደግፎ ነው የሚቀመጠው፤ ሹል አረር በምቱ ጊዜ እንደ መርፌ ሊሠራ ይችላል። ቀላል ሙሌት ደግሞ ቀለሁን ስለማይሞላ አረሩን ከሥር የሚደግፈው ባሩድ የለም። የመጋዘኑ ምንጭ ገፍቶ አረሩን ወደ ቀለሁ ውስጥ ያሰርገዋል፣ ያን ጊዜ ባዶው ቦታ ይጠብና ግፊቱ ይጨምራል። ስለዚህ የቀለሁን አፍ በአረሩ ቦይ ላይ አጥብቀህ እጠፈው፣ መጋዘኑን ከሞላህ በኋላም የመጨረሻውን ጥይት ሳትተኩሰው አውጥተህ ርዝመቱን በካሊፐር ለካው። ካጠረ እጥፋቱ ላልቷል።

—

ባለቀለህ፦

የ.30-30ው መጋዘን በትክክል እንዳልከው ነው፣ አረሮቹም ጠፍጣፋ አፍንጫ ናቸው፤ እጥፋቱን ግን አልለካሁትም ነበር። በኤች 4895 በ.30-30 እጀምራለሁ። መመሪያው ላይ ለ170 ግሬን አረር ተዘርዝሮ አግኝቼዋለሁ። የ.308 ቀለሆቼንም ዛሬውኑ ግርጌያቸውን በቀይ ቀለም ለይቻለሁ፤ የኤስአር 4759ውን ጣሳ ለባለቤቱ መልሻለሁ።